ምክንያት፣ ሰበብ፣ ማመካኛ፦ "ጀስቲፋይ" ማድረግ በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ክላስ ውስጥ ራሱን ለማዳን ስለገደለ ሰው ስንከራከር "ሞራሊ ጀስቲፋይድ ነው" አልኩና ጓደኞቼ "አንቺ ደሞ ግድያን ጀስቲፋይ አታድርጊ" ብለው ጮኹብኝ። ቤት ገብቼ በአማርኛ ልጽፈው ስል ቃሉ ጠፋብኝ። ምክንያት፣ ሰበብና ማመካኛ አንድ ናቸው? ለ"ጀስቲፋይ"ስ የቱ ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ቃሉ የጠፋብሽ ችሎታ አንሶሽ አይደለም። እናንተ ክላስ ውስጥ በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምትሉት፣ አንቺ "ትክክል ነው የሚያሰኝ ነገር አለው" ስትይ ጓደኞችሽ "ሰበብ አትፈልጊለት" ነው ያሉሽ፣ በአማርኛ ብትከራከሩ ኖሮ ይሄ ወዲያው ይታይ ነበር።

ከምክንያት ልጀምር። ቃሉ የግዕዝ ነው፣ ግሱ አመክነየ ነው፣ ግዕዝ ላይ ደሞ ሁለቱንም ይዞ ነበር፣ እውነተኛ መነሻንም ለሽፋን የሚቀርብ ነገርንም። አማርኛ ሲወስደው ከፈለው። ስሙ፣ ምክንያት የሚለው፣ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ግሱ አመካኘ ግን (አንዳንድ አገር አመኻኘ ይሉታል) ወደ ሽፋኑ ሄደ፣ "እኔ ላይ አመካኘ" ከተባለ ሰውየው እየዋሸ ነው ማለት ነው። የሚገርመኝ ዛሬ ለሎጂክ የምንጠቀምበት አመክንዮ የሚለው ቃልም ከዚሁ ግስ የመጣ መሆኑ ነው፣ ማለትም የጥሩ አስተሳሰብ ስምና የሽፋን ስም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ሰበብ የመጣው ከአረብኛ ነው። እዛ ምክንያት ማለት ነው፣ ጥንት ደሞ ገመድም ይባልበት ነበር፣ ምንም ክፋት የለበትም። "ሰበብ አስባብ" ስንል ሁለተኛው የአረብኛው ብዙ ቁጥር ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን "ሰበብ ማድረስ" ሲሉ የድሮው ደህና ትርጉም አሁንም አለ፣ አንቺ የምትችይውን አድርጊ ውጤቱ የአላህ ነው ማለት ነው። በሌላው አነጋገር ግን ሰበብ ብዙ ጊዜ የሚፈለግ ነገር ነው። ልብ በይ፣ ምክንያት አለኝ እንላለን፣ ሰበብ ፈለገ እንላለን። ያለ ነገርና የተፈለገ ነገር፣ ልዩነቱ እዚች ላይ ነው።

የጅቡንና የአህያዋን ተረት ታውቂው የለ? ጅቡ ከወንዙ በላይ ቆሞ፣ ከታች የምትጠጣዋን አህያ ውሃውን አደፈረሽብኝ አላት፣ እሷም "አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ" አለችው። ለኔ በሥነ ምግባር ላይ ከተጻፈ ብዙ ነገር ይሄ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም የነገሩን ቅደም ተከተል ያሳያል፣ መብላቱ ቀድሞ ተወስኗል ወቀሳው ኋላ ነው የመጣው። ማመካኛ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ያንቺን ሰውዬ እንየው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 "ሕጋዊ መከላከል" የሚለውን ቀድመሽ አንብበሽው ይሆናል። ጥቃቱ ከሕግ ውጪ መሆን አለበት፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ መሆን አለበት፣ መከላከሉም መጠኑን ማለፍ የለበትም። ይሄ ሁሉ የሚጠየቀው ድርጊቱ በተፈጸመባት ደቂቃ ስለነበረው ሁኔታ ነው፣ ኋላ ስለተገኘ ነገር አይደለም። ስለዚህ የሱ ምክንያት ነው እንጂ ማመካኛ አይደለም፣ ጓደኞችሽ እዚህ ላይ ተሳስተዋል።

አንድ ሌላ ነገርም አትቀላቅይ። ድርጊቱ ትክክል ነበር ማለትና ድርጊቱ ጥፋት ነው ግን ሰውየው አይወቀስም ማለት ይለያያሉ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ሰው ቢመታሽ መምታቱ ትክክል አይሆንም። እናቶቻችን ይሄን ያለ ሕግ ትምህርት ይለዩታል፣ ለመጀመሪያው "አበጀ!" ይላሉ፣ ለሁለተኛው "ምን ያድርግ" ይላሉ። ፈተና ላይ እንዲህ ጻፊ አልልሽም፣ ግን ግራ ሲገባሽ የቱን እንደምትይ ራስሽን ጠይቂ።

"ማጽደቅ"ስ? አንዳንድ ተርጓሚዎች ለጀስቲፋይ ይጠቀሙበታል። ሉቃስ ወንጌል ላይ ሕግ አዋቂው "ራሱን ሊያጸድቅ ወድዶ" ጠየቀ ይላል፣ እዛ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ ምክር ቤትም አዋጅ ያጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል፣ "ግድያውን አጸደቀ" ብትይ ፈቃድ የሰጠበት ይመስላል፣ እኔ አልመክርም።

በፖለቲካ ላይ ደሞ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፣ ምክንያትም ሰበብም ሳይቀርብ ቃሉ ራሱ ሥራውን ሲጨርስ። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና 70፣ ሰው ተገደለ አይባልም ነበር፣ "አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት" ነበር የሚባለው፣ ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃዱም "ነፃ እርምጃ" ነበር ስሙ። እርምጃ እኮ ከመራመድ የመጣ ቃል ነው፣ አንድ እግር ማንሳት ነው። ለምን ገደላችሁ ብለሽ እንዳትጠይቂ መግደል የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። ዛሬም ዜና ላይ "እርምጃ ተወሰደ" ስሰማ ምን ተደረገ፣ በማን ላይ፣ ብዬ እጠይቃለሁ፣ አንቺም ጠይቂ፣ የሕግ ሰው ልትሆኚ ነው።

እና ወረቀትሽ ላይ "ሞራሊ ጀስቲፋይድ ነው" ለማለት "ድርጊቱ በሥነ ምግባር ትክክል የሚያሰኘው በቂ ምክንያት አለው" በይ። ይረዝማል፣ ይርዘም፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ቀጥለሽ እንድትጽፊ ያስገድድሻል። "ጀስቲፋይ አታድርጊ" ለሚሉሽ ደሞ አማርኛው "ሰበብ አትፈልጊለት" ነው፣ እንደዛ ካሉሽ የቱን ሰበብ እንደፈለግሽ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው።