ቆሻሻ ወይስ ተረፈ ምርት? የፋብሪካዎች ትስስርና የመንግሥት ድጋፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰርኩላር ኢኮኖሚ ማለት ያው ዕቃ ሰብስቦ መልሶ መጠቀም አይደለም? ይህንንማ ቁራሌው ያለማንም ድጋፍ ይሠራዋል። መንግሥት ምን አገባው?

መልስ፦ ቁራሌው የሚሰበስበው ምን አለሽ ተራ ላይ ገዢ ያለውን ነው፤ ብረት፣ ሃይላንድ፣ ጠርሙስ። ሥራው ትልቅ ነው፤ ክብርም ይገባዋል። ሰርኩላር ኢኮኖሚ ግን የአንዱ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ለሌላው ግብዓት እንዲሆን ማስተሳሰርንም ይጨምራል። ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛው እርጥብ፣ ትኩስ ወይም አሲድ ያለበት ስለሆነ በጆንያ አይሸከሙትም። የሚሄደው በቧንቧ፣ በውልና በፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው፣ ቧንቧው የሚያልፍበትን መሬት የሚመራው፣ የመጣያውን ዋጋ የሚወስነው ደግሞ መንግሥት ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተስተካከሉ ድጎማ ብቻውን ብዙ አይራመድም።

ጥያቄ፦ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት የሚለዋወጡባት የዴንማርኳ ከተማ ካሉንድቦርግ ግን ያለ መንግሥት ዕቅድ ነው የተሳካላት ይባላል።

መልስ፦ ዕቅድ አልነበረም፤ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ነዳጅ ማጣሪያው የከርሰ ምድር ውሃውን ለመቆጠብ ከቲሶ ሐይቅ ውሃ መሳብ ጀመረ። በ1972 ጂፕሮክ የተባለው የጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካ ማጣሪያው በከንቱ የሚያቃጥለውን ጋዝ ገዛ። ሁሉም ሁለት ሁለት ድርጅቶች ሲያዋጣቸው የተፈራረሙት ውል ነው። ሆኖም እዚያው ያለው የኃይል ማመንጫ በኋላ ለጂፕሮክ የሸጠው ጂፕሰም ከየት መጣ? ከጭሱ ውስጥ ድኝ እንዲያስወግድ ሕግ ስላስገደደው ነው። ድኙ በኖራ ሲያዝ ጂፕሰም ይሆናል። ሕጉ ባይኖር የሚሸጥ ነገርም አይኖርም ነበር።

ጥያቄ፦ ተረፈ ምርታችንን የሚገዛ ጎረቤት ፋብሪካ አግኝተናል። ተቆጣጣሪው ግን «ቆሻሻ ነው፤ ፈቃድ ባለው አስወጋጅ ብቻ ይውጣ» አለን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ብዙ ትስስር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ደረቅ ቆሻሻን የተረጎመው ፈሳሽ ወይም ጋዝ ያልሆነና የማይፈለግ ተብሎ የተጣለ ነገር በሚል ነበር። ቁልፉ «የተጣለ» የሚለው ቃል ነው። ገዢ፣ ዋጋና ውል ያለው ነገር ተጣለ ለማለት ይከብዳል፤ ይህን ማስረዳት ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

ለማስረዳት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቆሻሻ መመሪያ ያስቀመጣቸው አራት መስፈርቶች ጥሩ መለኪያ ናቸው። ዕቃው ጥቅም ላይ እንደሚውል እርግጠኛ መሆን አለበት፤ ከተለመደው የኢንዱስትሪ አሠራር ውጪ ሌላ ማቀነባበር ሳያስፈልገው በቀጥታ የሚያገለግል፤ የዋናው ምርት ሂደት አካል ሆኖ የሚወጣ፤ አጠቃቀሙም ሕጋዊና ጤናንም አካባቢንም የማይጎዳ። በእነዚህ ላይ ተመሥርታችሁ የረጅም ጊዜ ውል፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ በየቀኑ የሚወጣውን መጠንና የማከማቻውን ፎቶ በአንድ ፋይል አቅርቡ። ውጤቱን ከአንድ ናሙና አትውሰዱ፤ በተለያዩ ፈረቃዎች የተወሰደ ይሁን። ገዢው የሚያኮርፈው ዕቃው ሲበላሽ ብቻ አይደለም፤ ዛሬና ነገ ሲለያይበትም ነው።

ጥያቄ፦ ሞጆ አካባቢ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ቆዳ የምናለፋበትን ኬሚካል፣ ክሮምን፣ መልሶ ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ዕቃ ያለቀረጥ ማስገባት ይቻላል? ሥራውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 10ን አንብቢው። ለብክለት መቆጣጠሪያ የሚመጣ አዲስ መሣሪያ በአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ይሆናል ይላል። «አዲስ» እና «መሣሪያ» የሚሉትን አስምሪባቸው፤ ያገለገለ ፓምፕና ኬሚካል በዚህ አይሸፈኑም። የቴክኒክ ዝርዝሩን ዕቃው ከመጫኑ በፊት አስገቡ። ወደብ ከደረሰ በኋላ ማረጋገጫ መጠየቅ ለመጋዘን ኪራይ ይዳርጋል።

ሥራው ይህን ይመስላል። በተለመደው አለፋ ቆዳው ከክሮሙ የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው፤ የቀረው ወደ ቦይ ይሄዳል። ከበርሜሉ የሚወጣውን የክሮም ውሃ በራሱ ቦይ ለዩት፤ ፀጉርና ስብ በወንፊት ይቅር። በጋን ውስጥ እያማሰላችሁ የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት ጨምሩ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8 አካባቢ ሲደርስ አረንጓዴው ዝቃጭ ይወርዳል። ሌሊቱን ይደር፤ በማግሥቱ ከላይ የጠራውን ውሃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው አውጡት። ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 2.5 ገደማ መልሱና ከአዲስ ክሮም ጋር እየቀላቀላችሁ ተጠቀሙ።

በማግኒዥየም ኦክሳይድ ፋንታ ኮስቲክ ሶዳ ርካሽ ነው ብሎ በእሱ የሚጀምር አለ። ዝቃጩ እንደ አጥሚት ይለጠልጣል፤ ያለ ፊልተር ፕሬስ (መጭመቂያ ማሽን) አይጨመቅም። ስብ ካመለጠ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ይወጣል። ከሁሉም በላይ የክሮሙ አሲዳማ ውሃ ከፀጉር መንቀያው ሰልፋይድ ካለበት ውሃ ጋር በፍጹም አይገናኝ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል፤ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጭ አይለቅም ይባላል። ሰርኩላር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ በውሃው በኩል አዎ፤ ፍሳሹ በባክቴሪያ ታክሞ፣ በሜምብሬን (በረቂቅ ማጣሪያ) ተጣርቶ ወደ ፋብሪካዎቹ ይመለሳል። ከሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ሲሆን ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ሐይቁ መውጫ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ያልተፈታው ጨው ነው። ጨርቅ ሲቀለም በብዙ ጨው ነው፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ከሌላ ነገር ጋር የተደባለቀ ጨው ይቀራል፤ ገዢ የለውም። ማትነኛው ደግሞ ኃይል ይበላል። መንግሥት በእርግጥ መደገፍ ያለበት ከምንጩ ያነሰ ጨው የሚፈልገውን የቀለም አሠራር ነው።

ጥያቄ፦ ፌስታል መከልከሉ ይሠራል?

መልስ፦ የ1999ኙ አዋጅ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለውን ነበር የሚከለክለው፤ ይህ በዓይን አይለይም፤ ገበያ ላይ ማን ይለካዋል? የ2017ቱ ሕግ ባንድ ጊዜ የሚጣለውን ከረጢት ጠቅልሎ መከልከሉ ለቁጥጥር ይቀላል። ምትኩ በተመጣጣኝ ዋጋ ከሌለ ግን በድብቅ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የከተማ አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። በጀታችን ትንሽ ነው፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሁለት ነገር ይጀምሩ። አንደኛው የመጣያ ዋጋ ነው። እንግሊዝ የመጣያ ግብርን እ.ኤ.አ. በ1996 በቶን 7 ፓውንድ ጀምራ በ2014 80 አደረሰችው፤ ከገቢውም ከ2005 ጀምሮ ፋብሪካዎችን የሚያገናኝ ብሔራዊ ፕሮግራም ደገፈችበት። ጭማሪው ቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ በድንገት ከሆነ ቆሻሻው ሌሊት ወንዝ ዳር ያድራል።

ሁለተኛው አገናኝ ሰው ነው። ደቡብ ኮሪያ ፋብሪካዎችን ማስተሳሰር እ.ኤ.አ. በ2005 ስትጀምር በየአካባቢው ማዕከል አቋቁማ፣ የአዋጭነት ጥናቱን ደግፋ፣ ኢንቨስትመንቱን ለድርጅቶቹ ተወች። በኡልሳን የከተማው ቆሻሻ ማቃጠያ እንፋሎት ለጎረቤት ፋብሪካ የተሸጠው እንዲህ ነው። እርስዎም አንድ ኢንጂነር መድበው ለአሥር ፋብሪካዎች ሰንጠረዥ ያስሞሉ፦ ምን ይወጣል፣ በቀን ስንት ኪሎ፣ እርጥበቱ፣ ሙቀቱ፣ በየትኛው ወር ይቋረጣል፣ አሁን ለማስወገድ ስንት ይከፈላል። እንፋሎት ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ አያዋጣም። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ባጋስ (የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ገለባ) ግማሹ ውሃ ነው፤ የቡና ገለፈት ደግሞ ክብደቱ ሳይሞላ መኪናው ይሞላል። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ጎን ካርታ ይሰቀል፤ ርቀቱ ተለክቶ ይጻፍበት።