ሰርቨር ይገዛ ወይስ ክላውድ ይከራይ ከሚለው ጥያቄ በፊት

ጠያቂው እንዳስረዱት፣ ድርጅታቸው በአስመጪነትና በማከፋፈል ሥራ የተሰማራ፣ 1,500 ያህል ሠራተኞች ያሉት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በመቀሌ ቅርንጫፎችና መጋዘኖች ያሉት ነው። ሠራተኛው እስካሁን በግል ጂሜይልና በቴሌግራም ግሩፖች ሲጻጻፍ የቆየ ሲሆን፣ አሁን ማኔጅመንቱ በስድስት ወር ውስጥ ወጥ የኢሜይልና የፈጣን መልእክት ሥርዓት እንዲዘረጋ ወስኗል፤ ሰርቨር ገዝተን በግቢያችን እናስቀምጥ ወይስ ክላውድ (በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ያለ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ አገልግሎት) እንከራይ የሚለው ጥያቄም የመጣው ከዚህ ነው። በሲስተም አስተዳደር ሥራ ላይ ካካበትኩት ልምድ ተነሥቼ የምለው፣ ይህ ጥያቄ መመለስ ያለበት መጨረሻ ላይ መሆኑን ነው። ኢሜይልና ፈጣን መልእክት ጠባያቸው ስለሚለያይ ሁለቱ በአንድ ቦታ መቀመጣቸውም ግዴታ አይደለም።

በቅድሚያ ማን ከማን ጋር ስለ ምን እንደሚጻጻፍ መታወቅ አለበት። ግዥ ክፍሉ ከውጭ አቅራቢዎች፣ ፋይናንሱ ከባንኮች፣ ትራንዚተሩ ከጉምሩክ ጋር የሚለዋወጠው ደብዳቤ ሰነድ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ኦዲተር ወይም ፍርድ ቤት ሊጠይቀው ይችላል። የመጋዘን ኃላፊው «መኪናው ደርሷል፣ ማራገፍ ጀምረናል» ብሎ የሚጽፈው ግን በዚያው ሰዓት ካልደረሰ ጥቅም የለውም። ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ የጥበቃ ሠራተኛው በስልካቸው የመልእክት አካውንት ቢኖራቸው ይበቃቸዋል እንጂ በየወሩ የሚከፈልበት የኢሜይል ሳጥን አያስፈልጋቸውም። ይህ ቆጠራ ብቻውን የሚገዛውን የሶፍትዌር ፈቃድ (ላይሰንስ) ብዛት በእጅጉ ሲቀንሰው አይቻለሁ።

የአድራሻ አሰያየም ቀላል ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዴ ከተሳሳተ ለማረም እጅግ ያስቸግራል። የውጭ መመሪያዎች ስምና የቤተሰብ ስም ይዘው ይነሣሉ፤ እኛ ግን የምንጠራው በአባት ስም ስለሆነ፣ በ1,500 ሰው መካከል ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሠራተኞች መገኘታቸው አይቀርም። ስለዚህ የአያት ስም የመጀመሪያ ፊደል ከጅምሩ ለሁሉም ቢጨመር ይሻላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንድ ስም ብዙ መልክ ስለሚይዝ፣ በቅጥር ሰነዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ይወሰድ።

ከሰው ስም አድራሻ በተጨማሪ ለግዥ፣ ለፋይናንስ፣ ለሽያጭና ለየቅርንጫፉ የሥራ ክፍል አድራሻ መኖር አለበት፤ ከውጭ ጋር የሚደረገው ዋና ዋና መጻጻፍም በዚያ በኩል ይሂድ። የግዥ ኃላፊው ሥራ ሲለቅ ከአቅራቢዎች ጋር የተደረገው ድርድር ሁሉ በግል ጂሜይሉ ውስጥ ቀርቶ፣ ድርጅቱ የራሱን ውል ከአቅራቢው ለምኖ ሲያገኝ ያየሁበት አጋጣሚ አለ። ሠራተኛ ሲለቅ በሚሞላው ክሊራንስ ላይ የአይቲ ክፍል ፊርማ እንዲኖር፣ አካውንቱም በዚያው ቀን እንዲዘጋና የሳጥኑ ይዘት ወደ ክፍል ኃላፊው እንዲዛወር በጽሑፍ ይወሰን።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ እንምጣ። ኢሜይል መጠበቅ ይችላል፤ ተቀባዩ ሰርቨር መብራት ጠፍቶበት ቢቆም፣ በትክክል የተዋቀረ ላኪ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ እስከ አራትና አምስት ቀን ድረስ ደጋግሞ ይሞክራል። ፈጣን መልእክት ግን አይጠብቅም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ሥራቸው ሁሉ በቴሌግራም ላይ የቆመ ክፍሎች እጅና እግራቸው ታስሮ ነበር፤ የውስጥ ሰርቨር የነበራቸው ግን ቢያንስ በዋናው ሕንጻ ውስጥ መጻጻፍ ችለዋል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ኢሜይሉን ተከራይቶ፣ የውስጥ መልእክቱን እንደ ማተርሞስት ወይም ሮኬት ቻት ባለ ሶፍትዌር በራስ ሰርቨር ላይ ማኖር ነው። ቅርንጫፎቹ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በግል የዳታ መስመር ከተገናኙ መልእክቱ የግድ በኢንተርኔት በኩል ማለፍ የለበትም፤ ሁለተኛ አማራጭ መስመር ከሌላ ኦፕሬተር መውሰድም ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተችሏል።

ኢሜይሉን መከራየት የምመርጠው ሰርቨር መትከል ስለሚከብድ አይደለም፤ ፖስትፊክስና ዚምብራ የተባሉት የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሮች በአግባቡ ሲያገለግሉ ኖረዋል። የሚከብደው ደብዳቤው እንደ አይፈለጌ መልእክት እንዳይቆጠር የላኪውን አይፒ አድራሻ (የሰርቨሩን የኢንተርኔት ቁጥር) መልካም ስም ጠብቆ ማቆየትና የደኅንነት ማስተካከያዎችን ሳያቋርጡ መከታተል ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ለተባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሩ ለ2016 እና ለ2019 እትሞች የሚሰጠውን ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ አሁን በርካሽ ተገኘ ብሎ አሮጌ ኤክስቼንጅ መትከል ድርጅቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ክላውድ የራሱ ሸክም አለው፤ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ በብር የተያዘ የፈቃድ በጀት በግማሽ መንገድ ቀርቷል። ስለዚህ በጀቱ ሲቀርብ የውጭ ምንዛሬው ከየት እንደሚገኝ ከፋይናንስ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይገባል። የሕግ ክፍሉም መግባት አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ከአገር ውጭ ለማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ፣ የትም ብትከራዩ የደብዳቤዎቹ ቅጂ በየቀኑ በራሳችሁ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት።

ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው የዶሜይኑን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ውስጥ ከ@ በኋላ የሚመጣውን የድርጅቱን ስም፣ ጥበቃ ነው። ኤስፒኤፍ (SPF)፣ ዲኪም (DKIM)ና ዲማርክ (DMARC) የተባሉት፣ ደብዳቤው በእርግጥ ከድርጅቱ መላኩን ተቀባዩ እንዲያጣራ የሚያስችሉት ሦስቱ የዶሜይን መዝገቦች ካልተሟሉ ማንም ሰው በድርጅቱ ስም ደብዳቤ መላክ ይችላል። ጉግልም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ ደብዳቤ ወደ ጂሜይል የሚልኩ ሦስቱንም እንዲያሟሉ ያስገድዳል። ዲማርክን መጀመሪያ በክትትል ብቻ ጀምሮ፣ ሪፖርቱን እያነበቡ ቀስ በቀስ ወደ ማገድ ማሸጋገር ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ከተዘጋ የራስ ደብዳቤም ይታገዳል። ለአስመጪ ድርጅት አደጋው ተጨባጭ ነው፤ አጭበርባሪው የአቅራቢውን ደብዳቤ አስመስሎ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል አዲስ ፕሮፎርማ ይልካል። የአቅራቢው የራሱ ሳጥን ተሰብሮ ከሆነ መዝገቦቹ ብቻቸውን አያድኑም፤ ስለዚህ የባንክ ሒሳብ ለውጥ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ተደውሎ ሳይረጋገጥ ክፍያ እንዳይፈጸም ፋይናንሱ ደንብ ያውጣ።

የመስመር አቅምም ይታሰብ። 5 ሜጋባይት አባሪ በኢሜይል ሲላክ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያድጋል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ለ40 ሰው ከደረሰ 270 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በ10 ሜጋቢት መስመር ላይ ሌላ ሥራ ባይኖር እንኳ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለዚህ መፍትሔው ፋይሉን በጋራ ማስቀመጫ አኑሮ ሊንኩን መላክ ነው። ለደንበኞች በኤስኤምኤስ ማሳወቂያ ለመላክ ከታሰበም፣ አንድ መልእክት በላቲን 160፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ቁምፊ ብቻ እንደሚይዝ በዋጋ ስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲገባ በፋይናንስና በአንድ ቅርንጫፍ መጀመር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ዋና ሥራ አስኪያጁና ምክትሎቻቸው መግባት አለባቸው። ትእዛዝ ከላይ በቴሌግራም መውረዱን ከቀጠለ ሠራተኛውም ተከትሎ ወደዚያው ይመለሳል፤ አዲሱ ሥርዓትም ባዶውን ይቀራል። ጠያቂው ቅርንጫፎቹ አሁን በምን ዓይነት መስመር እንደሚገናኙና የኢሜይል ሳጥን የሚያስፈልጋቸው ሠራተኞች ስንት እንደሆኑ ቢገልጹልን፣ የዲስኩንና የመስመሩን ስሌት እዚሁ አብረን መሥራት እንችላለን።