በገዛ እጃቸው ቤትና ስቱዲዮ ለመሥራት ላሰቡት ሠዓሊዎች፦ ከጭቃው በፊት ወረቀቱን

ውድ እህታችን፣ እርስዎና ባለቤትዎ ሠዓሊዎች እንደሆናችሁ፣ አዲስ አበባ ዳርቻ ባገኛችሁት ቦታ ላይም ቤታችሁንና ስቱዲዮአችሁን በገዛ እጃችሁ በጭቃ ለመሥራት እንዳሰባችሁ ገልጸው ከየት እንጀምር ብለው ጠይቀዋል። ባለቤቴ ቀራፂ ናት፤ እኔ እሥላለሁ። ከልጆቻችን ጋር የምንኖርበትንም የምንሠራበትንም ቤት ያቆምነው በዚሁ መንገድ ነው። ጭቃ ማቡካት የሚያሳያችሁ ሰው አታጡምና እሱን ትቼ እኛን ያንገላታንን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ስቱዲዮውን ለብቻው የቆመ ቤት አታድርጉት፤ በፕላኑ ላይ ከመኖሪያው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይሁን። የእኛን ፕላን የተቀበሉት የግንባታ ፈቃድ ባለሙያ የራሱ በር ያለው ሰፊ ክፍል ሲያዩ ማምረቻ ነው ብለው ደመደሙና፣ ቦታው ለመኖሪያ የተሰጠ ስለሆነ አይቻልም አሉን። ሠዓሊ በሚኖርበት ቤት እንደሚሠራ ለማስረዳት የአፈወርቅ ተክሌን ቪላ አልፋ ብንጠቅስላቸው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «እሳቸው እኮ የዓለም ሎሬት ናቸው፤ እናንተ ማን ናችሁ?» አሉን። ባለቤቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልረሳሁም።

ሁለተኛ ብዬ ስለ ግድግዳው ልጽፍ ነበር፤ እሱም ግን ወደዚያው ቢሮ ይመልሰኛል። ሰውዬው የምንሠራው በጭቃ መሆኑን ሲሰሙ «የተማረ ሰው ጭቃ ቤት ይሠራል?» ብለው ፋይላችንን ገፋ አደረጉት። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ አቁመው በ2011 ዓ.ም. የከፈቱትን የመካኒሳውን ዞማ ሙዚየም ሄደው እንዲያዩ ጋበዝናቸው፤ አልሄዱም። ያዳነን ሕጉን ማንበባችን ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ምድብ «ሀ» የሚባለውን፣ እንደ እኛ ያለ አነስተኛ ቤት የሚገባበትን የሕንፃ ዓይነት ሲተረጉም ከኮንክሪትና ከብረት ሌላ ሌሎች ተሸካሚዎችንም ይጠቅሳል፤ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ግን ከ7 ሜትር እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ 8 ሜትር ብለን ካቀድነው ስቱዲዮ መሐል ምስጥ የማይደፍረው የጽድ ምሰሶ አቆምን (ባለቤቴ ሐውልቶቿን ስታዞር እስከ ዛሬ ታማርረዋለች)፤ ከዚያም እምቢታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡን ማመልከቻ አስገባን። በጽሑፍ እምቢ የሚል ሰው አልተገኘም፤ ጉዳዩ ወደ ኃላፊው ተመራ፣ ፈቃዱም ወጣ። እናንተም አሁን የሚሠራበትን ሕግ አንብባችሁ ግቡ፤ በቃል የተነገራችሁን እምቢታ ይዛችሁ ወደ ቤት አትመለሱ።

እኛ ስንመላለስ በጤፍ ጭድ ያቦካነው ጭቃ ጉድጓዱ ውስጥ ለሳምንታት ተኛ። ሽታው ጎረቤቶቻችንን አስቆጥቶ ነበር፤ ጭቃው ግን ጠቁሮ፣ ጭዱም በጣት ሲያሹት እንደ ክር እስኪበጠስ ድረስ ለስልሶ ጠበቀን። በእሱ የመረግነው የምሥራቁ ግድግዳ፣ ባለቤቴና ልጆቼ በጣታቸው ያወጡበትን ቅርጽ እንደያዘ ይኸው ክረምቱን ሁሉ ያለ አንዳች ስንጥቅ ያሳልፋል። ከሥራዎቼ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፤ አንድም ሸራ አይወዳደረውም።

መስኮቱን በተመለከተ፣ የአውሮፓ መጻሕፍት ፀሐይ በቀጥታ እንዳትገባ ስቱዲዮን ወደ ሰሜን ክፈቱ ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ደመና በሌለበት ቀን ሸራችሁ ላይ ታርፋለች። ወደ ሰሜን ክፈቱት፣ ነገር ግን የጣራውን ክፍክፍ ከመስኮቱ በላይ አንድ ሜትር ያህል አስረዝሙት፤ ዝናቡንም ከግድግዳው ያርቅላችኋል። ግንበኛው በመጨረሻ በሲሚንቶ ካልለሰንኩ ብሎ ቢሟገት አትስሙት፤ ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይያያዝም፣ እርጥበቱንም አፍኖ ያስቀራል። በኖራና በአሸዋ አስለስኑት።