እንዶድ በየትኛው መደርደሪያ?

የቤተ መጻሕፍት ሙያ ለጀመራችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለማስረከብም ለተቃረባችሁ ልጆቼ፣

ገና ጀማሪ ሳለሁ ስለ እንዶድ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ሽፋኑ ላይ የተክል ስም አየሁና 583 የሚል የመደርደሪያ ቁጥር ሰጥቼ ከዕፅዋት መጻሕፍት ጋር ደረደርኩት። አንባቢ ጽሑፉን የሚፈልግበት አንድ የካታሎግ ካርድ ጻፍኩለት፤ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም ስለ ቢልሃርዝያ መከላከል የተጻፈ ነገር ፍለጋ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ የሕክምናውን መሳቢያ ካርድ በካርድ ስታገላብጥ ውላ ባዶ እጇን ተመለሰች። የሚጠቅማት ጽሑፍ ከተቀመጠችበት ወንበር ሁለት መደርደሪያ አልፎ ቆሞ ነበር። እኔ ያስታወስኩት ከሄደች በኋላ ነው።

የእንዶድን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጥፋቴ ወዲያው ይገባዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ደግሞ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ጥናት ከዕፅዋት ይቁጠር? ከቀንድ አውጣዎቹ ጋር 594 ይግባ? ወይስ ከበሽታዎቹ ጋር 616? የእናቶቻችን የአጠባ ልማድስ? የግኝቱ መነሻ እርሱ ነበር እኮ።

እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱበት፣ አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጻሕፍት ምደባ ለመደርደሪያው የሚሰጠን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ አልወቅሰውም፤ አንድ መጽሐፍ ሁለት ቦታ ሊቆም አይችልም። ልብ በሉ፣ ቁጥሩ የሚከተለው ነገሩን ሳይሆን ነገሩ የተጠናበትን የትምህርት ዘርፍ ነው። ቡና በእርሻ በኩል ሲጠና 633፣ በምግብና በመጠጥ በኩል ሲጠና 641 ውስጥ ይገባል። ስለ ቡና ሁሉን ማወቅ የፈለገ ሰው ከመደርደሪያ መደርደሪያ መዞር አለበት፤ መንገዱን የሚያሳየው ካታሎጉ ነው፤ ካታሎጉን የምትሠሩት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የሒሳብ መምህር የነበረው ህንዳዊ ራንጋናታን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ምደባ ጽሑፍን በየገጽታው ይጠይቀዋል፦ ዋናው ነገር ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ምን ተደረገበት? የት? መቼ? በእርሱ ቁጥሮች ሠርቼ አላውቅም፤ ጥያቄዎቹን ግን በየዕለቱ እጠይቃለሁ። ርዕስ አይበቃም። የጥናቱን ዘዴና የዋቢ ጽሑፎቹን ዝርዝር አንብቡ፤ ጸሐፊው ከእነማን ጋር ሲወያይ እንደከረመ የምታውቁት ከዚያ ነው።

እናንተ ተመራማሪዎች ደግሞ ቁልፍ ቃላት ስትመርጡ የትምህርት ክፍላችሁ የሚግባባባቸውን ብቻ አትደርድሩ። በሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ ያላችሁ እንደሆነ እንዶድም በሉ፤ ቢልሃርዝያም፣ ቀንድ አውጣም በሉ። በሌላ ሕንፃ ያለ፣ ስማችሁን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልጋችኋል? በኮምፒውተር ዘመን ካርድ አነሰን ማለት አይቻልም።

ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የመረጃ ሳይንስ ተመራማሪ ዶን ስዋንሰን አንድ ነገር አሳየ። በአንድ ወገን የዓሣ ዘይት ደምን እንደሚያቀጥን የሚገልጹ ጽሑፎች ነበሩ። በሌላ ወገን ሬይኖ በሚባለው ሕመም ጣታቸው በብርድ የሚነጣ ሰዎች ደማቸው ወፈር እንደሚል የሚገልጹ ነበሩ። ሁሉም ታትመው ለማንም ክፍት ነበሩ፤ ጎን ለጎን ያነበባቸው ግን አልነበረም። ስዋንሰን ሐኪም አልነበረም፤ ዘይቱ ሕመምተኞቹን ሊረዳ ይችላል ያለው አንብቦ ነው።

ወጣቷ ሐኪም በሄደች ማግስት ለእንዶዱ ጽሑፍ ሦስት ካርዶች ጨመርኩለት፤ አንዱ በቢልሃርዝያ፣ አንዱ በቀንድ አውጣ፣ አንዱ በልብስ አጠባ ሥር። እርሷ ግን ተመልሳ አልመጣችም።