የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግዙፎቹ ማንጋ ግንብ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐረር ጀጎል ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሜ «አታክ ኦን ታይታን» የተባለውን የጃፓን ማንጋ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ከጓደኞቹ ጋር በፍላሽ እየተቀባበለ አንብቦ ጨርሶታል። እኔም ጥቂት ገጾች አየሁ፤ በግንብ በታጠረ ከተማ የሚኖሩ ሰዎችን ግዙፍ ፍጥረቶች ሲበሏቸው የሚያሳይ፣ ጨለማ የዋጠው ታሪክ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ግንቡ ከጀጎል የተቀዳ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ሌሎቹ ደግሞ በታሪኩ አጨራረስ ተናደው እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። ይህን የመሰለ ነገር በወጣቶች መጽሔት ላይ እንዴት ሊታተም ቻለ? አንባቢውስ እንዴት ተቀበለው? (እህቱ፣ ከሐረር)

መልስ፦ እህታችን፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ ግንቡ ከጀጎል አልተቀዳም። ደራሲውና ሠዓሊው ሐጂሜ ኢሳያማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተወለደው በኪዩሹ ደሴት በኦይታ ግዛት፣ ዛሬ የሂታ ከተማ አካል በሆነችው በኦያማ ሲሆን፣ ዙሪያዋን ተራራ በከበባት በዚያች የገጠር ከተማ ማደጉ፣ ከማዶ ያለውን የማየት ጉጉት እንዳሳደረበትና የግንቡም ሐሳብ ከዚያ እንደመጣ ራሱ ተናግሯል። የወንድምዎ ጓደኛ ግን እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ ግንብ ውስጥ ተወልዶ፣ በሸዋ በር ወይም በኤረር በር እየወጣና እየገባ ያደገ ልጅ፣ በግንብ ስለታጠረ ሕዝብ ሲያነብ ሰፈሩን ቢያይበት ምን ይገርማል? (በነገራችን ላይ፣ የማንጋው ግንብ የቆመው ሰው በላ እንዳይገባ ነው፤ ለጀጎል ግንብ ግን ጅቦች ሌሊት ገብተው ቆሻሻውን እንዲያጸዱ ቀዳዳ ተትቶለታል።)

ወደ ኅትመቱ ስንመጣ፣ ኢሳያማ የታሪኩን መነሻ በአንድ ክፍል የሚያልቅ አጭር ሥራ አድርጎ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። ሥራውን ይዞት ከሄደባቸው ቦታዎች አንዱ በጃፓን እጅግ ተነባቢ የሆነ ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔት ሲሆን፣ በዚያ የተሰጠው ምክር አሳሳሉንና አተራረኩን ከመጽሔቱ ወግ ጋር እንዲያስማማ የሚል ነበር። እሱ ግን ይህን አልተቀበለም፤ ወደ ኮዳንሻ አሳታሚ ድርጅት ወሰደውና በዚያ ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ውድድር እውቅና አገኘ። ኮዳንሻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 «ቤሳትሱ ሾነን ማጋዚን» የተባለ አዲስ ወርኃዊ መጽሔት ሲጀምር፣ ይህ ታሪክ በመጀመሪያው እትም ላይ ወጣ። ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነባር መጽሔት የለመደውን የሚጠብቅ አንባቢ ስላለው የሚያስቀይመውን ነገር ይፈራል፤ አዲሱ መጽሔት ግን ገና የሚያስቀይመው አንባቢ አልነበረውም። ወርኃዊ መሆኑም ጠቅሟል፤ በየሳምንቱ ሃያ ገጽ ገደማ ከማስረከብ ይልቅ በየወሩ ረዘም ያለ ምዕራፍ ማውጣት፣ ምስጢሩን ለዓመታት ደብቆ ቀስ በቀስ ለሚገልጥ ታሪክ የተመቸ ነው።

ሥዕሉ መጀመሪያ ላይ ብዙ ተተችቷል። የሰዎቹ አካል መጠኑን የሳተ፣ ፊታቸውም አንዱ ከሌላው የማይለይ ነው ተብሏል፤ የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች የከፈተ ሰው ትችቱ ሐሰት ነው ሊል አይችልም። ይሁን እንጂ ያው ጉድለት ግዙፎቹን ሲስል ጠቅሞታል ባይ ነኝ። ጭንቅላታቸው ከገላቸው የማይመጣጠን፣ እጃቸው አጥሮ ሆዳቸው የተነፋ፣ ሰው እየበሉ ፈገግ የሚሉ ፍጥረቶች ናቸው፤ በጥንቃቄ ቢሳሉ ኖሮ ያን ያህል አያስደነግጡም ነበር። ኢሳያማ እንደሚናገረው በኢንተርኔት ካፌ የሌሊት ሥራ ላይ ሳለ አንድ የሰከረ ደንበኛ ኮሌታውን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ሆኖ ሳለ ምንም ዓይነት ንግግር ሊያግባባቸው አለመቻሉ ያሳደረበት ፍርሃት የግዙፎቹ መነሻ ሆነ።

የመጀመሪያው ጥራዝ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ወጣ፤ በ2011 የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት አገኘ። ዓለም አቀፍ ዝናን ያመጣለት ግን በሚያዝያ 2013 የጀመረው አኒሜ፣ ማለትም ከማንጋው የተሠራው ተንቀሳቃሽ የሥዕል ፊልም ነው። በ2019 መጨረሻ የታተመው ቅጂ ከ100 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ዝናው ሲሰፋ ንባቡም ተለያየ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከተማቸውን በግንቡ፣ ዋናውን ቻይና ደግሞ በግዙፎቹ የመሰሉ አንባቢዎች ነበሩ፤ የቻይና የባህል ሚኒስቴር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ከከለከላቸው 38 የማንጋና የአኒሜ ሥራዎች መካከል ይኸው ታሪክ ይገኝበታል። ሌሎች ተቺዎች ወታደራዊነትን ያወድሳል ብለውታል። በኋለኞቹ ምዕራፎች አንድ ዘር በተከለለ ሰፈር ተዘግቶበት በክንዱ ላይ ምልክት እንዲያስር ሲገደድ መታየቱም፣ በአይሁዶች ላይ የደረሰውን የሚያስታውስ በመሆኑ ከባድ ክርክር አስነሥቷል። እኔ ታሪኩ ጦርነትን ያወድሳል አልልም፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤረን በቀል ወዴት እንደወሰደው እስከ መጨረሻው የተከተለ አንባቢ ይህን ለማለት የሚቸገር ይመስለኛል። ሆኖም ክርክሩ ተገቢ ነው።

አጨራረሱን በተመለከተ የወንድምዎ ጓደኞች ብቻቸውን አይደሉም። የመጨረሻው 139ኛ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ሲወጣ ብዙ አንባቢ ተቆጣ፤ ኤረን ላደረሰው ጥፋት የተሰጠው ምክንያት የተድበሰበሰ ነው፣ ወዳጁ አርሚንም ለጥፋቱ ያመሰገነው ይመስላል ተባለ። በሰኔ ወር በታተመው 34ኛውና የመጨረሻው ጥራዝ ላይ ኢሳያማ ጥቂት ገጾች ጨመረ፤ እነዚያ ገጾች ግን ግጭቱ እንዳልበረደ ስለሚያሳዩ ክርክሩን አላበረዱትም። በ2022 በኒው ዮርክ በአድናቂዎቹ ፊት ሲቀርብ አጨራረሱን በሚገባ ስለመወጣቱ እስካሁን እንደሚያስጨንቀው ተናግሮ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ታዳሚው በጭብጨባ ተቀበለው።

ወንድምዎን ልከልክለው ወይ ብለው ባይጠይቁም፣ የእንግሊዝኛው እትም ከ16 ዓመት በላይ ላሉ አንባቢዎች እንደሚመከር ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ አኒሜውን ጨርሻለሁ። ማንጋውንስ ማንበብ ያስፈልገኛል? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ አኒሜው በአብዛኛው ማንጋውን በታማኝነት የሚከተል ስለሆነ ታሪኩ አላመለጠዎትም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በኅዳር 2023 በተላለፈው የመጨረሻ ክፍል ሲሆን፣ የኤረንና የአርሚን የመጨረሻ ንግግር በኢሳያማ ተሳትፎ ተሻሽሎና ተራዝሞ ቀርቧል፤ ስለዚህ 139ኛውን ምዕራፍ ብቻ አንብበው ቢያነጻጽሩ ይበቃዎታል። ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ነው፤ ቁርኣን የቀራ ሰው አይቸገርም።