የፋን ሞተር ከመግዛትህ በፊት፦ የድሮ ኮሮላ የሄተር ፋን 4 ላይ ብቻ ሲሠራ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይኼ ነው፦ የድሮ ኮሮላ፣ የሄተሩ ፋን 1፣ 2 እና 3 ላይ ዝም፣ 4 ላይ ይዞራል፣ እሱም እየቆየ ይቆማል፣ ሶኬቱ ቀልጧል፣ መካኒኩም «ሞተር ቀይር» ብሎሃል። አትግዛ። 4 ላይ የሚዞር ሞተር አልሞተም። መካኒኩ የተሳሳተበትንም መገመት አያስቸግርም። በብዙ የድሮ ቶዮታ ማብሪያው የሚቆጣጠረው የፋኑን ነጌቲቭ ነው፤ ሬዚስተሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን እየቀነሰ ዝቅተኛ ፍጥነቶችን የሚሰጠው ዕቃ፣ ሲበጠስ፣ ማብሪያው 1 ላይ እያለ በሁለቱም የሞተር ሽቦ 12 ቮልት ታያለህ። «ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ አልዞረም፣ ሞቷል» ይልሃል። የደረሰው ግን መመለሻ አጥቶ ነው።

1. ሬዚስተሩ። ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ፣ የፋኑ ቤት ላይ በብሎን የታሰረ ነው። 4ኛው ፍጥነት እሱን ዘሎ ስለሚሄድ ብቻውን ይተርፋል። ነቅለህ በኦም ለካ፤ በርካሽ ቴስተር ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አገናኝተህ ያነበበውን ቀንስ። በእግሮቹ መካከል ከ0.3 እስከ 3 ኦም አካባቢ ይጠበቃል። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። የሙቀት ፊውዝ ያለው ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ የሄደችው እሷ ናት። እሷን በሽቦ አያይዘው «ሠራሁት» የሚሉ አሉ፤ ፋኑ ቅጠል ነክሶ በቆመ ቀን ሬዚስተሩ እዚያው ፕላስቲክ መሐል ቀይ እስኪሆን ይግላል። ሬዚስተሩ እዚያ የተቀመጠው ፋኑ የሚነፋው አየር እንዲያቀዘቅዘው ነው። ባሕር ዳር ዛፍ ሥር ያልቆመ መኪና የለም፤ ቅጠሉ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት እየገባ ፋኑ ላይ ይከመራል። ያንን ሳታወጣ አዲስ ሬዚስተር ብታስር ያው ይቃጠላል።

2. የቀለጠው ሶኬት። ዋናው ጣጣ እዚህ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚበላው እዚህ ነው። ሶኬቱን ነቅለው ይለካሉ፣ 12 ቮልት ያያሉ፣ «መስመሩ ደህና ነው» ይላሉ። ጭነት የሌለበት መስመር ሁልጊዜ ደህና ይመስላል! የዛገ ግንኙነት ቴስተርን ያበላል፣ 10 አምፔር ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ሶኬቱን ሳትነቅል፣ መኪናውን አስነስተህ፣ ፋኑን 4 ላይ አድርገህ ለካ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሶኬቱ ጀርባ በኩል የሞተሩ ፖዘቲቭ ላይ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበብክ መንገድ ላይ ቮልት የሚበላ ቦታ አለ። ከሞተሩ ነጌቲቭ እስከ ባትሪው ነጌቲቭም እንዲሁ። ከዚያ በፊውዙ ግራና ቀኝ፣ በሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ)፣ በሶኬቱ፣ በማብሪያው፣ ማሳው (የነጌቲቭ ሽቦው) ቦዲ ላይ በታሰረበት እያልክ አጥብብ፤ ቮልቱ የታየበት ቦታ በሽታው እሱ ነው። 2 ቮልት በ10 አምፔር 20 ዋት ነው፤ የፍሬን መብራት አምፖል ያህል ሙቀት በአንዲት የሶኬት እግር ላይ። ፊውዙም አይበጠስም፣ የዛገው ቦታ አምፔሩን ቀነሰው እንጂ አልጨመረውም። 30 አምፔሩን ፊውዝ አውጥቶ 40 ማስገባትም ሆነ ከባትሪ ያለ ፊውዝ «ዳይሬክት» መስጠት ጥገና አይባልም፤ ይኼን ሠርቶ ብር የሚቀበል ሰው ያናድዳል።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያባብሰው ሄተሩ ሳይነካ መክረሙ ነው። ባሕር ዳር ላይ ለሙቀት ብሎ ሄተር የሚከፍት የለም፤ በጋውን ሙሉ ተዘግቶ ክረምት ሲገባ፣ መስታወቱ ጉም ሲለብስ ወይም እንጅባራ በማለዳ ሲታለፍ በአንዴ 4 ላይ ይለቀቃል። አረንጓዴ ያበቀለ እግር ያኔ ነው የሚቀልጠው። በወር አንዴ ሁሉንም ፍጥነት ብታዞረው ማብሪያው ራሱን ይጠርጋል።

የቀለጠውን ሶኬት አታጽዳ፣ ቀይረው፤ ግለቱ ያላላው እግር ዳግመኛ አይጨብጥም። ነጌቲቩን ከባትሪው ፍታ፣ ሽቦውን ጥቁረቱ አልቆ መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ቁረጥ፣ ከድሮው ያልቀጠነ ሽቦ ቀጥል፤ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል።

ሞተሩንም ግን አትርሳው። አውጥተህ በእጅህ ስታሽከረክረው ጥቂት ዙር በራሱ መሄድ አለበት። ከከበደ አምፔር ይጎትታል፣ አዲሱን ሶኬትም ያቀልጣል። አክሱሉ ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት፤ ግሪስ አይሆንም። ቤቱን ስትመታው የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) አልቋል፤ ካርቦን ብቻውን ይቀየራል፣ ኮሙቴተሩን (ካርቦኑ የሚነካውን የመዳብ ቀለበት) በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ጥረገው።

ያገለገለ ሬዚስተር ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የምታስመጣ ከሆነ በኦም ተለክቶ ይላክልህ፣ የእግሮቹን አቀማመጥ ከድሮው ጋር በፎቶ አስተያይ። ሁሉን ካሰርክ በኋላ 4 ላይ 10 ደቂቃ አስኪደውና ሶኬቱን ያዘው፤ ሞቅ ማለቱ ችግር የለውም፣ ጣትህን ካስለቀቀህ ግን ተመልሰህ ለካ።