የአሜሪካ ዜግነት ልትወስዱ ነው? ጠይቁኝ

ሰላም የጅማ ልጆች። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ፈረንጅ አራዳ ቡና በተፈላበት ሁሉ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ዜግነቱን ወስጃለሁ፤ የአገር ልጆችንም ፎርም አስሞላለሁ። የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ዲቪ ደርሶኛል። ዜግነት መቼ አገኛለሁ?
ግሪን ካርድ ከያዝክ 5 ዓመት ሲሞላህ ታመለክታለህ። አሜሪካዊት አግብተህ አብራችሁ ከኖራችሁ 3 ዓመት ይበቃል። ፎርሙ ኤን-400 ይባላል።

እናቴ ታማብኝ ጅማ 8 ወር ቆየሁ። ችግር አለው?
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ ከቆየህ ነዋሪነትህ እንደተቋረጠ ይገመታል። አለመቋረጡን የምታስረዳው አንተ ነህ። የቤት ኪራይ ውል፣ የግብር ወረቀት፣ ከመሥሪያ ቤትህ ያገኘኸውን ፈቃድ፣ የእናትህን የሐኪም ማስረጃ ሰብስብ። ዓመት ከደፈንክ ግን ነገሩ ይከብዳል።

አባታችን እንግሊዝኛ አይችሉም።
ዕድሜያቸው 55 ሆኖ ግሪን ካርድ ከያዙ 15 ዓመት ካለፋቸው የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸዋል። የታሪክና የመንግሥት አስተዳደሩን ጥያቄ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መመለስ ይችላሉ። ብቻ ቀድመው ያጥኑ።

የኢትዮጵያ ዜግነቴስ?
እህቴ፣ ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው ይህን ነው። በአዋጅ 378/1996 መሠረት ፈልገሽ የሌላ አገር ዜግነት ከወሰድሽ፣ የኢትዮጵያን እንደተውሽ ይቆጠራል። ሁለቱን ይዞ መኖር የለም። የአሜሪካው ቃለ መሃላም ለሌላ አገር ያለሽን ታማኝነት ትቻለሁ ያሰኝሻል። እጅሽን ከማንሳትሽ በፊት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብለሽ ምከሪበት። እኔ አስቤበት ነው የወሰድኩት፤ ቢሆንም በምርጫ ቀን ድምፅ መስጠት አለመቻሌ ይቆጨኛል።

በሩ ግን ጭራሽ አይዘጋም። በአዋጅ 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን ታወጫለሽ። ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፤ ለመሥራትም የሥራ ፈቃድ አትጠየቂም። መምረጥና መመረጥ ግን የለም።

ኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ?
ኢትዮጵያ ተመልሰሽ መኖር፣ ያኛውን ዜግነት መተው፣ ከዚያ ማመልከት። ሕጉ ይፈቅዳል።

የ10 ዓመት ልጄስ?
ግሪን ካርድ ይዛ ካንቺ ጋር እዚያው የምትኖር ከሆነ፣ 18 ሳይሞላት አንቺ ስትምዪ እሷም አብራ ዜጋ ትሆናለች። ፓስፖርቷን ቶሎ አውጪላት።